የቆየ ሕንፃችንን የኤሌክትሪክ ፍጆታ እንዴት ቀነስን

በጥገና ኃላፊነት የማገለግልበት ሕንፃ በአዲስ አበባ ቦሌ አካባቢ የሚገኝ፣ ባንክ፣ ሱቆችና ቢሮዎች የተከራዩት፣ ፊቱ ከላይ እስከ ታች በመስታወት የተሸፈነ ነው። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየደረጃው ሲጨምር የቆየው የኤሌክትሪክ ታሪፍ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ሲከለስ፣ ባለቤቱ በጣሪያው ላይ ሶላር እንድንተክል ሐሳብ አቀረቡ። እኔ ግን ሕንፃው የሚያባክነውን ሳናውቅ የምንተክለው ሶላር ብክነቱንም ጭምር ለመሸፈን ስለሚሰላ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅና ውድ እንደሚሆን አስረድቼ፣ አስቀድመን እንድንለካ ጠየቅኋቸው፤ እርሳቸውም ፈቀዱ።

መለካት የጀመርነው ሰው በሌለበት ሰዓት ነው። የዋናውን ቆጣሪ ንባብ ማታ 4 ሰዓት እና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እየመዘገብን ልዩነቱን ስናሰላ፣ ቢሮዎቹ ሁሉ ተዘግተው ሳለ ሕንፃው ብዙ ኃይል ይወስድ እንደነበር ተረዳን። ከዚያም በዋናው ማከፋፈያ ቦርድ ላይ የእያንዳንዱን መስመር አምፔር በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ሳይቆርጡ ዙሪያውን ይዞ የኤሌክትሪክ ፍሰቱን በሚለካ መሣሪያ) ለካን። ማንም የማያልፍበት ኮሪደር መብራት፣ የምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ የጭስ ማውጫ ፋን፣ በየሻይ ክፍሉ ውኃ እያሞቁ የሚያድሩ ቦይለሮች፣ እንዲሁም በየጊዜው የሚነሣው የውኃ ፓምፕ አንድ በአንድ ተለዩ።

ከሁሉም ያስገረመኝ ፓምፑ ነበር። ሌሊት ውኃ የሚጠቀም ሰው ሳይኖር የጣሪያው ታንከር ለምን ይጎድላል? በየመጸዳጃ ቤቱ ፍላሽ ታንከር ውስጥ የምግብ ቀለም ጨምረን፣ ማንም ሳይጠቀምበት ጥቂት ጊዜ ጠበቅን። ቀለሙ በበርካታ መቀመጫዎች ውስጥ ወርዶ ታየ፤ ጎማቸው ያለቀ ፍላሾች ሌሊቱን ሙሉ ያፈሱ ነበር። በተጨማሪም በፓምፑ መውጫ ላይ ያለው የማይመልስ ቫልቭ በትክክል ስለማይዘጋ፣ ወደ ጣሪያ የወጣው ውኃ ወደ ምድር ቤቱ ማጠራቀሚያ ይመለስ ነበር። ጎማዎቹንና ቫልቩን መቀየር ከምንም መሣሪያ ግዢ የረከሰ ሥራ ሆኖ ሳለ ኃይልንም ውኃንም አዳነ።

ለጭስ ማውጫው ፋን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ኢንቨርተር ገጠምንለት። ፋን የሚወስደው ኃይል ከፍጥነቱ ኩብ (ፍጥነቱ ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ከሚገኘው ውጤት) ጋር ስለሚያያዝ፣ ፍጥነቱን በ20 በመቶ መቀነስ የኃይል ፍላጎቱን ወደ ግማሽ ገደማ ያወርደዋል። ሆኖም የመኪና ጭስ ለሕይወት አደገኛ በመሆኑ፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን መርዛማ ጋዝ የሚከታተል የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያ ሳይገጠም ይህን ማድረግ ፈጽሞ አይገባም። መብራቶቹን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም፤ ባለ 36 ዋት ፍሎረሰንቶችን የዚያን ግማሽ ኃይል ብቻ በሚወስዱ ኤልኢዲዎች ተክተን፣ ኮሪደሮቹን ከታይመር ጋር አገናኘን።

የተከራዮቹ ዋና ኮምፒውተሮች የሚቀመጡባቸውን የሰርቨር ክፍሎች ግን በቸልታ ማለፍ አልቻልኩም። ተከራዮቹ ኤሲውን በ18 ዲግሪ ላይ አድርገው ይተዉታል፤ ወደ ሰርቨሮቹ ለሚገባው አየር የሚመከረው ሙቀት ግን እስከ 27 ዲግሪ ይደርሳል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ በምትገኝ ከተማ፣ ሌሊቱ እንዲህ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የኤሲውን ኮምፕረሰር ያለማቋረጥ ማሠራት ያሳዝነኛል። ከባለሙያዎቻቸው ጋር ተነጋግረን ወደ 24 ዲግሪ ከፍ አደረግነው።

ከቴክኒኩ ይልቅ የከበደው የክፍያው አሠራር ነበር። ተከራዮች የኤሌክትሪክ ሂሳብ የሚከፍሉት በያዙት ካሬ ሜትር ስለነበር፣ መብራት የሚያጠፋውም አብርቶ የሚያድረውም እኩል ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ ቆጥቡ የሚለው ማሳሰቢያችን ሰሚ አላገኘም። ለእያንዳንዱ ተከራይ የተለየ ቆጣሪ እንዲገባ ስናቀርብ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ለመሰብሰብ የተዘየደ ነው ብለው የጠረጠሩ ነበሩ። ጥርጣሬያቸውን አልነቀፍኩም፤ የሚከፍል ሰው የሚከፍልበትን ነገር ማየት አለበት። በወሩ መጨረሻ ንባቡ ተከራዩ ባለበት እንዲወሰድ፣ ሁለታችንም እንድንፈርምበትና የጋራ መገልገያዎች ፍጆታ ለብቻው እንዲጻፍ ተስማማን። ከዚያ በኋላ ቦይለሩን ማታ የሚያጠፋ ታይመር ግዙልን እያሉ ወደ ቢሮዬ የሚመጡት ተከራዮቹ ራሳቸው ሆኑ።

አንድ ያልጠበቅነው ውጤት ግን ተከተለ። የሕንፃው ጭነት በመቀነሱ ትልቁ ጄኔሬተር መብራት ሲጠፋ ከአቅሙ በጣም ባነሰ ጭነት መሥራት ጀመረ፤ የናፍጣ ሞተር ለረጅም ጊዜ ከአቅሙ 30 በመቶ በታች ሲሠራ ደግሞ ነዳጁ በሚገባ ስለማይቃጠል ጥላሸት ይይዛል። ስለዚህ ለቀን ተቀን አገልግሎት ትንሹን ጄኔሬተር አስቀድመን፣ ትልቁን በመጠባበቂያነት አቆየነው።

እስካሁን ያልተፈታው የምዕራቡ ፊት መስታወት ነው። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከላይ የሚሠራ አጭር ጥላ አይከላከላትም፤ ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃም ሙቀቱን የሚያገኘው መስታወቱን ካለፈ በኋላ ነው። ከውጭ የሚገጠም፣ ከላይ ወደ ታች ቀጥ ብሎ የሚቆም የአሉሚኒየም ጥላና የሚከፈቱ መስኮቶች ያስፈልጋሉ። ይህን ሥራ ከፍተኛ ሙቀት ካለባቸው ፎቆች እንድንጀምር ለባለቤቱ ጥናቱን አቅርቤያለሁ፤ የሶላሩም መጠን ከዚያ በኋላ በሚቀረው ፍጆታ ይሰላል።