ዋሽንግተን ስቴት ያለው እሳተ ገሞራ ተራራ፣ ሴንት ሄለንስ ሄደን ነበር (ተራራውን ያፈነዳው ውሃ ነው ስላችሁ እመኑኝ)

ከሲያትል በጠዋት ወጥተን በአይ-5 ወደ ደቡብ ወርደን፣ ከዛ በራንድል በኩል ታጥፈን ጫካ ለጫካ ስንጠማዘዝ ቆይተን ዊንዲ ሪጅ የሚባለው ተራራውን ማያ ቦታ ደረስን፣ መንገዱ በረዶ ሲጥል ስለሚዘጋ መሄድ የምታስቡ በሰመር ሂዱ። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡት የጓደኛዬ እናትም አብረውን ነበሩ፣ እኔ ደሞ ጂኦሎጂ ተምሬ ዝም ማለት አልችልም።

ከላይ ሆናችሁ ከተራራው ስር ያለውን ሐይቅ፣ ስፒሪት ሌክን ስታዩ ከፊሉ ግራጫ ነው፣ እማማ መሬት መስሏቸው ነበር፣ ግን ግንድ ነው! በ1980 በፈረንጅ ተራራው ሲፈነዳ የተነቀለው ዛፍ እስካሁን ይንሳፈፋል። ተራራው 2,950 ሜትር ነበር፣ አሁን 2,549 ነው፣ ቀሪውን ግንቦት 10 ቀን 1972 በኛ አቆጣጠር በአንድ ጠዋት አጣው፣ 57 ሰው ሞተ።

«ስሩ እሳት ስለሆነ ነው አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ ውሃ ስለገባበት ነው።»

«ምን ትላለህ አንተ፣ ውሃ እሳት ያጠፋል እንጂ!»

እውነታቸውን ነው ግራ ቢገባቸው። ብዙ ሰው ከስራችን ያለው ማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም ንብርብር) ቀልጦ የሚንተከተክ ይመስለዋል፣ ግን በጣም የጋለ ጠጣር ድንጋይ ነው። 100 ኪሎሜትር ጥልቀት ላይ ደረቅ የማንትል ድንጋይ እንዲቀልጥ ወደ 1,500 ዲግሪ ይፈልጋል፣ እዛ ያለው ሙቀት ደሞ ያን ያህል አይደርስም፣ ከላይ ያለው ጫናም እንዳይቀልጥ ይይዘዋል። እዚህ ሰፈር ግን ዋን ደ ፉካ የሚባለው የባህር ወለል ፕሌት (የሚንቀሳቀስ ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጭ) ከአሜሪካ ስር እየሰረገ ይገባል፣ ሲገባ ሚነራሎቹ ውስጥ የታሰረ ውሃ ይዞ ነው (ፈሳሽ ውሃ እንዳይመስላችሁ፣ ድንጋዩ ራሱ ውስጥ ነው ያለው)፣ ወደ ታች ሲወርድ እየሞቀ እየተጨመቀ ውሃውን ይለቃል፣ ውሃው ወደ ላይ ያለው ማንትል ውስጥ ይገባና የሲሊከንና የኦክስጅን ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል፣ ያኔ የሚቀልጥበት ሙቀት በብዙ መቶ ዲግሪ ይወርዳል። ማለትም ሙቀት ሳይጨመር ቀለጠ!

የኛ ኤርታሌ ሌላ ታሪክ ነው፣ አፋር ላይ ምድር እየተሳበች ስለምትሳሳ ማንትሉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ጫናው ሲቀንስለት ይቀልጣል፣ ላቫውም ቀጭን ስለሆነ ይፈሳል። የሴንት ሄለንሱ ማግማ (ገና ምድር ውስጥ ያለው ቅላጭ ድንጋይ) ወፍራም ነው፣ በዛ ላይ ውሃውን ይዞት ይወጣል። በ1980 ማግማው የተራራውን ጎን ለሳምንታት ሲገፋው ቆይቶ የሰሜኑ ገጽ ተንዶ ሲወርድ ጫናው ባንዴ ለቀቀ፣ ተንጦ የተከፈተ አምቦ ውሃ አስቡት፣ የታመቀው ውሃ ጋዝ ሆኖ ወጣ፣ አመዱ በ15 ደቂቃ 24 ኪሎሜትር ወደ ላይ።

እማማ ዝም ብለው ሰምተው ሰምተው «እና ውሃው መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉ። አያልቅም አልኳቸው፣ ፕሌቱ በየዓመቱ ሳንቲሜትሮች እየገባ ነው፣ ከ2004 እስከ 2008 በፈረንጅ እኮ ራሱ አፉ ውስጥ አዲስ የላቫ ጉብታ ሲሰራ ነበር።

«በሉ እንሂድ» ብለው ወደ መኪናው ቀደሙን።