ሲናርን ከስንዴ ለመለየት ሦስት ክረምት ፈጀብኝ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ትናንት ከስንዴ ማሳዬ የነቀልኩትን ሲናር፣ ያንን ስንዴ መሳይ አረም፣ በጆንያ ጠቅጥቄ አወጣሁ፤ 3 ጆንያ ሆነ። አምና በዚሁ በመስከረም ከዚያው ማሳ የወጣው 11 ጆንያ ነበር። ደስታው አላስችል ቢለኝ ነው የምጽፈው።

ያለሁት ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ ነው። ከአባቴ የተረከብኩት 3 ጥማድ መረሬ (ጥቁር ጭቃማ አፈር) መሬት አለኝ። የመጀመሪያው ዓመት ብዙ የሚወራለት አይደለም። አረም ሲበዛብኝ ቱፎርዲ የሚባለውን የአረም መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። ቅጠለ ሰፊው አረም ሙልጭ ብሎ ሲጠፋ ተገላገልኩ አልኩ። ቱፎርዲ ግን ሣር መሰሉን አረም አይነካውም። ሌላው አረም ሲለቅለት ሲናሩ ቦታውን ያዘና መስከረም ላይ ከስንዴው በላይ ተንዠርግጎ ይወዛወዝ ጀመር። የምረጨው መድኃኒት ምን እንደሚገድል ሳልጠይቅ በመርጨቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አምና ሐምሌ ላይ ደቦ ጠርቼ በእጅ ነቀላ ገባን። «ይሄ ነው፣ ይሄን ንቀሉ» እያልኩ ሳሳይ የነበረው እኔ ነኝ፤ ከተነቀለው ብዙው ስንዴ ሆኖ ተገኘ። የሰው ጉልበት አባክኜ፣ የራሴን ቡቃያ አስነቅዬ፣ ሲናሩን እስከ መስከረም ማሳው ላይ ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ቁመትና ቀለም ማየት ትቼ፣ ቅጠሉ ከግንዱ የሚላቀቅበትን ቦታ ማየት ጀመርኩ። ቅጠሉን በጣታችሁ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ አጥፉት። ስንዴ እዚያ ጋ ግንዱን የያዙ ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች አሉት፤ ዳርና ዳራቸው ላይ ፀጉር አለ። የገብስ ጆሮ ረዘም ይልና ግንዱን እቅፍ ያደርጋል። ሲናር ጆሮ የለውም፤ ያለው ነጭ፣ ስስ ምላስ ብቻ ነው። ከጠረጠራችሁ ከነሥሩ በእርጋታ ንቀሉት፤ ጠቆር ያለውና ፀጉራሙ የዘሩ ገለባ ከሥሩ ጋር ተጣብቆ ይወጣል። ከ15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እንኳ ሊበቅል ስለሚችል ጎትታችሁ እንዳትበጥሱት።

ከሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ግን አያቴ ናት። እሷ ደጋ ላይ ገብስ ስታዘራ ሲናሩን አታሳርምም ነበር፤ አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል፣ ለእንጀራውም ለጠላውም ይገባል። እኔ ከሲናር ጋር ስታገል አይታ «የኔ ሲናር እኮ አይረግፍም፤ ያንተው ነው የሚረግፈው» አለችኝ። አላመንኳትም። ከእሷ ገብስ ውስጥ አንድ የሲናር ዘለላ፣ ከኔ ስንዴ ውስጥም አንድ የሲናር ዘለላ አምጥቼ መዳፌ ላይ አራገፍኳቸው። የሷ አንድም ፍሬ አልጣለም። የኔው ገና ነካ ሳደርገው መዳፌን ሞላው። የወደቀውን ፍሬ ገልብጬ ሳየው ከዘለላው የተላቀቀበት ጫፍ ላይ ክብ ጠባሳ አለው። ጥምዝምዝና ቆልማማ ጺሙን በምራቄ ሳርሰው ደግሞ መዳፌ ላይ ቀስ እያለ ዞረ። ለካ እርጥበት ባገኘ ቁጥር እየተሽከረከረ ራሱን አፈር ውስጥ የሚቀብረው በዚህ ነው። የአያቴ ዓይነት በሳይንሱ አቬና አቢሲኒካ የሚባለው፣ ለማዳ ሊሆን የተቃረበው የአገራችን ሲናር ነው። የኔው ማሳ ላይ ያለው ግን ዱሩ ነው፤ ስንዴው ሳይደርስ ቀድሞ ይረግፍና ፍሬው አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል።

ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ ጥቅምት ሲገባ የሚደረግ ነቀላ ከንቱ ድካም ነው። ዘለላው ብቅ እንዳለ፣ አረንጓዴ ሳለ ይነቀል፤ ወደ ጆንያ ገብቶም ከማሳው ይውጣ። ድንበር ላይ መከመር ማለት ለከርሞ መዝራት ነው። አረንጓዴውን ለከብት ስጡ፤ ፍሬ የያዘውን ግን ከፊሉ በእበት በኩል ተመልሶ ስለሚመጣ አትስጡ። እኔ አምና ሰጥቼ ነበር፤ ዘንድሮ ፍግ የበተንኩበት ጥግ ላይ ሲናሩ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ጠንክሮ በቀለ። ኮምባይነር የምትከራዩም፣ ከሌላ ሰው ማሳ ሲመጣ ሆዱን ሳያራግፍ አታስገቡት። ዘር ስትገዙም በሰፌድ ዘርግታችሁ ልቀሙት፤ ንጹህ ነው ተብዬ ከገዛሁት ዘር እናቴ በአንድ ሰፌድ ብቻ አንድ እፍኝ ሲናር ለቅማለች።

ዘንድሮ ከሁሉ የጠቀመኝ መቸኮሌን መተዌ ነው። በልግ ጠብ ሲል ገመሳውን፣ ማለትም የመጀመሪያውን እርሻ፣ ገምሼ ተውኩት። ሲናሩ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ አየምኩት (ደግሜ አረስኩት)፤ ሁለተኛ ሲወጣ ደግሞ ሰለስኩት (ለሦስተኛ ጊዜ አረስኩት)። ዘሬን የዘራሁት ከዚያ በኋላ ነው። ፓላስ የሚባለውን የአረም መድኃኒት የምትረጩ ካላችሁ ስንዴ ላይ ይሠራል፤ ገብስ ላይ ግን ገብሱንም ስለሚጎዳ አታስጠጉት። በየዓመቱ ያንኑ መድኃኒት ብቻ መደጋገምም የማይሞተውን ሲናር መርጦ ማራባት ነው። ባቄላ ወይም ምስር ማፈራረቅ ከመድኃኒቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ እዚያ ውስጥ ሣር የሚመስል ነገር ሁሉ ጠላት ስለሆነ መለየት አያስቸግርም። ነገር ግን ስንዴው ዋጋ ስለሚያወጣልኝ እኔ ራሴ እስካሁን አላፈራረቅኩም።

ከታች፣ ውሃ በሚተኛበት ጥግ ደግሞ አሰንዳቦ የሚባል ሌላ ሣር መሰል አረም ገብቷል። ገና ቡቃያ ሳለ ሥሩ ላይ ስቆርጠው ቀላ ያለ ፈሳሽ ስላወጣ ነው ያወቅኩት። መረሬ ላይ አሰንዳቦን ያሸነፈ ሰው ካለ፣ ውሃውን እንዴት እንዳጠነፈፈ ይንገረኝ።