የቀሪዎች መስቀል

ጅማ፣ እሑድ መስከረም 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሦስት ሱቅ ዞርኩ፤ ሦስቱም ዝግ ናቸው። የመጀመሪያው ባለቤት ጉራጌ ነው፤ ቤተሰቡን ይዞ ከሄደ ሳምንት ሊሆነው ነው። ሁለተኛው ዳውሮ ነው፤ እሱም ሄዷል። ሦስተኛው በር ላይ «መስቀልን አክብረን እንመለሳለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ የሚመለሱበትን ቀን ዝናብ አጥቦት ሰማያዊ እድፍ ብቻ ቀርቷል። በመጨረሻ ዳቦ ያገኘሁት መስጊዱ ጥግ ካለችው ጠባብ ሱቅ ነው። ባለሱቋ መልሴን እየቆጠረች «ዘንድሮም አልሄድክም?» አለችኝ። በየዓመቱ ትጠይቀኛለች። እኔም በየዓመቱ «ወዴት?» እላታለሁ፤ እንስቃለን።

ቤት እስክደርስ ግን ሳቁ ያልቃል። አባቴ ጅማ የገባው ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ ነው። አያቶቼን የማውቃቸው በፎቶግራፍ ነው። የተወለድኩት፣ ፊደል የቆጠርኩት፣ አባቴንም የቀበርኩት እዚሁ ነው። ለመስቀል አባቴ አገር ልሂድ ብል በር አንኳኩቼ «የእገሌ ልጅ ነኝ» ማለት ሊኖርብኝ ነው። በዓል ደግሞ ራስን እያስተዋወቁ አይከበርም።

በመስከረም የዚህ ከተማ ጠባይ ይለወጣል። ዓመቱን ሙሉ «የጅማ ልጅ ነኝ» ሲል የከረመ ሰው ሁሉ መስከረም ሲጠባ የሌላ አገር ሰው ሆኖ ይገኛል። የየሙ ተወላጅ ሄቦን ሊያከብር ወደ ፎፋ፣ ካፋው ለማሽቃሮ ወደ ቦንጋ፣ ዳውሮው ወደ ተርጫ፣ ጉራጌው ወደ ወልቂጤና ከዚያም ወዲያ ይበተናል። ለእነዚህ ሰዎች የመስከረም አጋማሽ የአንድ ቀን በዓል አይደለም፤ ዘመን የሚለወጥበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ዓመቱን ሙሉ በዕቁብ የተጠራቀመው ገንዘብ በሬ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ነው። እኛ እንቁጣጣሽን በዶሮ ወጥ ሸኝተን «በዓሉ አለፈ» ስንል እነሱ ገና መታጠቃቸው ነው።

ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። ጅማ ከጥንትም የገበያ አገር ናት። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ሲገዙ ሂርማታ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆም ትልቅ ገበያ ነበረች፤ ነጋዴው ከየአቅጣጫው ቡና፣ ማርና ቅቤ ሊገበያይ ይጎርፍባት ነበር። ለገበያ የመጣ ሰው ሸቀጡን ይዞ ይመጣል፤ በዓሉን ግን አገሩ ትቶት ይመጣል። የልጅ ልጆቹም ሱቅ ከፍተው፣ ቤት ሠርተው፣ ኦሮምኛውን እንደ ውኃ እየጠጡት እንኳ በዓሉን ወደዚህ አላመጡትም። እየሄዱ ይጎበኙታል።

መስከረም 14 ጓደኛዬን ልሸኝ መናኸሪያ ወርጄ ነበር። የየም ልጅ ነው፤ በየዓመቱ የምሸኘው እኔ ነኝ። ቲኬት አልቋል ተባለ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ደላላ በእጥፍ ዋጋ ከኪሱ አወጣው፤ ጓደኛዬም ሳይከራከር ከፈለ። በሌላ ወር አሥር ብር ተጨመረብኝ ብሎ ግማሽ ሰዓት የሚጨቃጨቅ ሰው ነው። አጠገባችን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ የተቀመጡ አንዲት የጉራጌ እናት ነበሩ። ጭናቸው ላይ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ በነጠላ የታሰረ ነገር አለ። ለክትፎው የገዙት ቅቤ ነው። ረዳቱ ተቀብሎ ሊጭንላቸው ቢል አልሰጥም አሉ፤ ከሞተሩ አጠገብ ሊያስቀምጧቸው ሲሉም አልቀመጥም አሉ። «እኔ ብሞቅ ግድ የለም፣ እሱ ግን ይቀልጣል» ብለው በመጨረሻ ከኋላ መስኮቱን ከፍተው ተቀመጡ። አውቶቡሱ ሲወጣ ያንን እሽግ እንደ ሕፃን ወደ ነፋሱ አስጠግተውት ነበር። ቀናሁባቸው። በቅቤው ሳይሆን በመቸኮላቸው።

የሄዱት ከሄዱ በኋላ ቀሪዎቹ እንተያያለን። የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች፣ ዘመዶቻቸውን በጦርነትም በዕድሜም የጨረሱ፣ የመሄጃ ያጡ፣ እኔን የመሰሉ ባለ ፎቶግራፎች። የጅማን መስቀል የምናከብረው እኛ ነን።

ስለ ወቅቱ ሳልናገር አላልፍም። የትምህርት ቤት መጽሐፋችን መስከረም ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ጭቃው ይደርቃል፣ ምድር በአደይ ትሸፈናለች ይለን ነበር። መጽሐፉ የተጻፈው ለሌላ አገር ሰው ነው። የዘመን ቆጠራው ሊቃውንት መፀው የሚባለውን ወቅት የሚጀምሩት መስከረም 26 ቀን ነው፤ ለጅማ እሱም ቸኩሏል። እዚህ ዝናቡ ጥቅምትንም ይደፍራል። በልጅነቴ የበዓል ጫማዬ በጭቃ ሳይበላሽ ያለፈ እንቁጣጣሽ ትዝ አይለኝም። ቄጠማ ግን ሞልቷል፤ ከቦዬ ረግረግ እየታጨደ ይመጣል፤ ቤቱ በሙሉ ረግረግ ረግረግ ይሸታል። ያ ሽታ ነው ለእኔ አዲስ ዓመት።

የዘንድሮው ደመራ ዓርብ ዋለ። የጁምዓ ሶላት ያበቃለት ሕዝብ ሲወርድ ነጠላ የለበሰው ወደ አደባባዩ ይወጣ ነበር፤ አንዱ መንገድ ሁለቱንም ነጭ ልብስ ለባሾች ተሸከማቸው። አደባባይ ደርሼ ጥቂት ቆምኩ። መድረኩ ከደመራው ይበልጣል። ንግግር፣ ቀጥሎ ንግግር፣ ከዚያ የምስጋና ዝርዝር። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ተራቸውን ሲጠብቁ የለበሱት ጥበብ በካፊያው ከሰውነታቸው ጋር ተጣበቀ። እነሱ መዘመር ሲጀምሩ ደስ አለኝ፣ ድምፅ ማጉያው ሲጮህ ተመልሼ ቀዘቀዝኩ። በ2006 ዓ.ም. መስቀል በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ ሲባል ለእናቴ በደስታ ነግሬያት ነበር። «እስከ ዛሬ ሳይመዘገብ ነው እንዴ ስናከብር የኖርነው?» አለችኝ። ሳስበው፣ ከተመዘገበ ወዲህ መድረኩ በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ የጨመረ ይመስለኛል።

የሰፈራችንን ደመራ እመርጣለሁ። በተለይ የ2016ቱን።

ያን ዓመት ደመራና መውሊድ በአንድ ቀን ዋሉ፤ መስከረም 16። የሒጅራው ዓመት ከእኛው በአሥራ አንድ ቀን ገደማ ስለሚያጥር መውሊድ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ዘንድሮማ ጳጉሜ ሳትገባ አልፏል። ያን ቀን ግን ገጠሙ። ከታች መንዙማው ከድቤ ጋር ይወርዳል፣ ከላይ ከበሮው ይመታል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዝናቡ ደመራችንን አራሰው። እርጥብ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ወጣቶቹ ጋዝ ያርከፈክፉበታል፣ ቦግ ይላል፣ ይጠፋል። ጨለማው መጣ፤ ችቦው ያጨሳል እንጂ አይነድም።

ጎረቤታችን ሐጂ ከመውሊዱ ሲመለሱ ነጭ ጀለቢያቸውን በአንድ እጃቸው ከጭቃው ሰብስበው ቆመው ያዩናል። «ከሥሩ ደረቅ ሳታስገቡ እሳት ትለምናላችሁ?» አሉ። ሁለት ልጆችን በጋሪ ወደ ቡና መቀሸሪያቸው ላኩ፤ ሦስት ጆንያ የቡና ገለባ መጣ። ገለባው መጀመሪያ አልነደደም፤ ጨሰ። ያውም እንዴት ያለ ጭስ! ካህኑ ሳሉ፣ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ፣ ሐጂ ራሳቸው «ጀለቢያዬን አበላሻችሁት» እያሉ እኛን ተቆጡ። ከዚያ ከሥር እንደ እሸት ቡና መቅላት ጀመረ፣ ቀስ ብሎም እንጨቱን ያዘው። ግማሽ የተቆላ ቡና የሚመስል ሽታ ሰፈሩን ሞላው። ምሰሶው የወደቀው ወደ ፍሳሽ ቦዩ ነው። ወደ ምሥራቅ ቢወድቅ እንዲህ ነው፣ ወደ ምዕራብ ቢወድቅ እንዲያ ነው የሚሉ ሽማግሌዎቻችን ወደ ቦይ ሲወድቅ ምን እንደሆነ መስማማት ተስኗቸው አመሹ።

ያን ምሽት የሐጂ ባለቤት፣ አዴ የምንላቸው፣ የመውሊድ ዳቦ ላኩልን። ቀኑ ረቡዕ ነበር። ዳቦውን ያመጣችው ልጅ በር ላይ ቆማ መጀመሪያ የተናገረችው «ቅቤ አልነካውም ብለውኛል» የሚል ነው። እናቴ ዳቦውን ገልብጣ ከሥሩ አሸተተችው። ስላላመነቻቸው አይደለም፤ ዳቦ ሁሉ እንዲሁ ነው የምትቀበለው። በዘይት የተጋገረ፣ ጥቁር አዝሙድ የገባበት ዳቦ ነበር።

እኛም ቤት ለእነሱ የተለየ ድስት አለ። ጆሮው ላይ ቀይ ክር ታስሮበት ከቁም ሳጥኑ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ የእኛ ሥጋ ነክቶት አያውቅም። ለመስቀል እናቴ ድስቱን ከነሕይወት ካለች ዶሮ ጋር ወደ አዴ ትልካለች፤ እዚያው ታርዳ፣ እዚያው ተሠርታ ትመጣለች፤ ሁላችንም እዚህ እንበላለን። ይህን ለእንግዳ ስነግር «እንዴት ያለ መቻቻል ነው!» ይለኛል። ቃሉን አልወደውም። የሚቻል ነገር ሸክም ነው። እናቴና አዴ በውኃ መውረጃው ቦይ የተነሣ ሦስት ወር ተኳርፈው ያውቃሉ፤ በኩርፊያው መካከል በዓል ሲመጣ ግን ድስቱ ከነክሩ ሄዶ ከነክሩ ተመልሷል።

ሁሉም ሰው ሁሉንም በዓል ይወዳል እያልኩ አይደለም። ከሙስሊም ጎረቤቶቻችን መውሊድን የማያከብሩ አሉ። የእህቴ ባል ጴንጤ ነው፤ ደመራው ሲለኮስ ቤት ገብቶ ይቀመጣል፣ ማዕዱ ሲቀርብ ይወጣል፤ ከማናችንም ይበልጥ ይበላል። በፍርሃት ያሳለፍናቸው መስከረሞችም ነበሩ። አንዳንዱ ሰው ደግሞ በመስከረም የሚያስበው የልጆቹን ደብተርና የትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ ነው፤ እሱን ስለ በዓል ስሜት ብትጠይቀው ዋጋ ይነግርሃል።

ጓደኛዬ ከፎፋ ሲመለስ ብዙ አይቆይም። ጥቅምት 17 የየም ሰዎች ወደ ቦር ተራራ ወጥተው የዓመቱን የባህል መድኃኒት የሚለቅሙበት ቀን ነው፤ ሳሞ ኤታ ይሉታል። ለእናቴ ሆድ የሚሆን ሥር በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣላታል። እሷ ደግሞ በየዓመቱ «እንደ መስቀል ወፍ ብቅ አልክ» ትለዋለች፤ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖረውን ሰው።

አሁን መሽቷል፤ ዝናቡ ጀምሯል። የጻፍኩት ሁሉ እንቅልፍ ስላጣሁ ነው፤ እንቅልፍ የነሣኝ ደግሞ የሐጂ የልጅ ልጅ ናት። ከሰዓት በኋላ ድስቱን ልትመልስ መጥታ ነበር፤ ባዶ አይመለስምና ውስጡ ከአዴ የተላከ ብርቱካን አለ። የፊታችን ቅዳሜ ኢሬቻ አዲስ አበባ ነው፣ እሑድ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ። የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቿ መኪና ተከራይተዋል፤ ልብሷ ልብስ ሰፊው ቤት ነው፤ የቀረው የአያቷ ፈቃድ ነው። «ጋሼ፣ ሽማግሌ ሁንልኝ» አለችኝ። ሽማግሌ!

ሐጂ የሚሉትን አውቀዋለሁ። ክረምቱን አሻግሮ ብርሃን ላሳየ ፈጣሪ ምስጋና ይገባል፣ እኔ ግን የማመሰግነው መስጊድ ነው ይላሉ። እሷ ደግሞ እርጥብ ሣር ይዞ ውኃ ዳር ቆሞ ማመስገን የአያቶቿ አያት ነገር እንደሆነ፣ ከሃይማኖቷ ጋር እንደማይጣላባት ትናገራለች። ሁለቱንም ሰምቻለሁ፤ ይህ ክርክር በዚህ ከተማ በብዙ ቤት አለ። የሐጂ ነገር ግን እሱ ብቻ አይመስለኝም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ በግርግሩ ያ ሁሉ ሰው ሲሞት ሬዲዮኑን ታቅፈው በረንዳ ላይ ያመሹበትን ሌሊት አስታውሳለሁ። የሚያውቁት ሰው እዚያ አልነበረም። ቢሆንም እስከ ንጋት አልተነሡም። ስለ ሃይማኖት ቢሆን ልከራከራቸው እችል ይሆናል። ያንን ሌሊት በምን አፌ ልከራከር?

ነገ ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ፣ እንደምመጣ ለሐጂ ልኬባቸዋለሁ። ባዶ እጄን አልሄድም፤ እናቴ ድፎ ዳቦውን ከአሁኑ አቡክታለች። ከልጅቷ ጋር ሄጄ አብሬያት እንድመለስ ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም። መኪናው የሚነሣው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነው ብላኛለች።