ኳሱ ላይ የተጻፈው ስም

አሜሪካ የኖረ ሐበሻ "ስምህ ማነው?" ሲባል አፉ ብቻውን ይሄዳል። ባንክ ሄደን፣ ቡና ስናዝ፣ ስልክ ላይ፣ ስማችንን ተናግረን ዝም አንልም። ወዲያው ፊደል መቁጠር እንጀምራለን። እኔም ከዚህ አመል ነፃ አይደለሁም። ጉድ የሠራኝም እሱ ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጓደኛዬ "ማታ ማታ ቤዝቦል ስታዲየም ሥራ አለ፤ ጨዋታ እያየህ ይከፈልሃል" አለኝና ተመዘገብኩ። የጊዮርጊስና የቡናን ጨዋታ እያየሁ ላደግኩ ሰው ቤዝቦል ማለት ዱላና ብዙ መቆም ነው። ሥራዬ በሦስተኛው ቤዝ፣ ተጫዋቾች ሮጠው ከሚረግጧቸው ማዕዘኖች በአንዱ በኩል፣ ተጫዋቾች ከሚቀመጡበት ዳጋውት አጠገብ ያለችውን ትንሽ በር መጠበቅ ነበር። ትኬት አያለሁ፣ ወንበር አሳያለሁ፣ ልጆች አጥሩ ላይ እንዳይንጠለጠሉ እቆጣጠራለሁ።

ቡድኑ የታችኛው ሊግ፣ የማይነር ሊግ ነው። በላይኛው ሊግ ያሉት 30 ክለቦች እያንዳንዳቸው ከሥራቸው አራት አራት ቡድን አላቸው፤ ሲደመር 120። ይህን ሁሉ "ፋርም" ይሉታል፣ እርሻ ማለታቸው ነው። ይዘራሉ፣ ይኮተኩታሉ፣ የበሰለውን ወደ ላይ ይወስዳሉ። የእኛው ደብል-ኤ ነው፤ ከሱ በላይ ትሪፕል-ኤ፣ ከዚያ ሜጀር ሊግ። ማይክል ጆርዳን ቅርጫት ኳስ ትቶ ቤዝቦል የሞከረው በዚሁ ደረጃ እንደሆነ ስሰማ ነው ለሥራው ትንሽ ክብር የሰጠሁት። እ.ኤ.አ. በ1994 ለበርሚንግሃም ባሮንስ ተጫውቶ የመምቻው አማካይ .202 ነበር። ደካማ ነው አሉኝ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጭንቅላቴን ነቀነቅኩ።

በሩ ገና ሲከፈት የሚገቡት ፊርማ ሰብሳቢዎቹ ናቸው። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ይመጡና አጥሩን ይዘው ይቆማሉ። ልጆች አሉ፣ ጎረምሶች አሉ፣ ጡረተኞችም አሉ። ወፍራም ማህደር ውስጥ የተጫዋቾችን ካርድ በስም ደርድረው ይይዛሉ። ተጫዋቾቹ ሰውነታቸውን አፍታተው ሲመለሱ በትህትና ይጠራሉ። የዕለቱን ኳስ ወርዋሪ፣ ፒቸሩን፣ ማንም አይጠራም። ነውር ነው። በቃ በሐሳብ ላይ ነው ይባላል።

ከሁሉም የቀረብኩት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ለካርድ ሻርፒ የሚሉትን ማርከር፣ ለኳስ ሰማያዊ እስክሪብቶ የሚይዙት ለምን እንደሆነ ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። የማርከር ቀለም ቆዳው ላይ እያደር ይሰራጫል። በዚያ ዓመት የያዙት ሥራ የቡድን ኳስ ነበር፤ አንድ ኳስ ላይ የቡድኑን ተጫዋቾች በሙሉ ማስፈረም። ቀላል ይመስላል። አይደለም። ተጫዋች ይጎዳል፣ ይሸጣል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ወደ ታች ይወርዳል። ኳሱን ሳይሞሉት ቡድኑ ይቀየርባቸዋል።

አንድ የሐምሌ ማታ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ሮጥ ብለው መጡ። ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ያ ግራኙ ፒቸር ዛሬ ሌሊት ወደ ትሪፕል-ኤ ሊሄድ ነው አሉ። የእሱ ፊርማ ብቻ ነው የቀረኝ ከፒቸሮቹ። አንተ ወደ ውስጥ ማለፍ ትችላለህ።"

እችላለሁ። ግን አይፈቀድም። ሚያዝያ ላይ ስንቀጠር የፈረምነው ወረቀት ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ ሠራተኛ ተጫዋችን ፊርማ አይጠይቅም። አስታውሼዋለሁ፣ አልዋሽም። ግን ሽማግሌ ለምኖኝ እንዴት እምቢ እላለሁ? አባቴን የመሰሉ ሰው። ኳሷን ተቀብዬ ወደ መልበሻ ክፍሉ በሚወስደው መተላለፊያ ገባሁ።

ልጁ ሻንጣውን በትከሻው አንግቷል፣ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሃል ይዟል፤ መቼም እናቱን ሳይሆን አይቀርም ፊቱ በሳቅ ተሞልቷል። ኳሷን ስዘረጋለት ቅር ሳይለው ተቀበለ። ቀና ሳይል "ስምህ ማነው?" አለኝ።

አፌ ብቻውን ሄደ። ስሜን ነገርኩት። እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ፤ አንድ በአንድ፣ ረጋ ብዬ፣ ሳልጠየቅ ፊደሎቹን ቆጠርኩለት። ልጁም በትዕግሥት ጻፈ። እንኳን ደስ አለህ ብዬው ተመለስኩ። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሽማግሌው ኳሷን መብራቱ ሥር ይዘው አዩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ደግመው አዩ።

"ይሄ ማነው?" አሉኝ።

"እኔ ነኝ።"

ሌላ ቃል አልተናገሩም። ደህና እደር ብለውኝ ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አለቃዬ ቢሮ ጠራችኝ። ሽማግሌው አልከሰሱኝም። ለልጁ ሌላ ኳስ በፖስታ መላክ ይቻል እንደሆነ ሊጠይቁ ገብተው ነው ያየችው። ኳሷን በዓይኗ አነበበች። ቀጥሎ ደረቴ ላይ ያለውን የስም ባጅ አነበበች። ሰው እንደዚህ ራሱን በጽሑፍ ሲያጋልጥ አይቼ አላውቅም።

"ላንተ ነው?" አለችኝ።

"አይደለም።"

"ስምህ ነው ያለበት።"

እንዴት ይብራራል ይሄ? አብራራሁ። ለመሳቅ ምንም አልቀራትም ነበር፣ ግን አለቃ ናትና ዋጠችው። ልጆቹ ሥራ ላይ ናቸው አለችኝ። በር የሚያሳልፈው ሠራተኛ ሁሉ አንዳንድ ኳስ ይዞ ቢገባ መልበሻ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ፊርማውም ገንዘብ ነው፤ ዛሬ ማንም የማያውቀው ልጅ ነገ ላይኛው ሊግ ሲገባ ካርዱ ኢንተርኔት ላይ ይቸበቸባል፤ ልጁ ግን ከዚያ ሳንቲም አያገኝም። ተጫዋች ሁሉ ሀብታም ይመስለኝ ነበር። የደብል-ኤ ተጫዋች ዝቅተኛ ደሞዝ እስከዚያው ዓመት ድረስ በዓመት 13,800 ዶላር እንደነበር፣ በማኅበር ተደራጅተው ገና በዚያ መጋቢት ወደ 30,250 እንዳስገቡት የሰማሁት ያኔ ነው። መተላለፊያው ውስጥ ያገኘሁት ልጅ ከእኔ የተሻለ ኑሮ አልነበረውም ማለት ነው።

ቅጣቴ ሁለት ሳምንት መኪና ማቆሚያ ሆነ። ሐምሌን በሜሪላንድ አስፋልት ላይ ያልቆመ ሰው ወበቅ ምን እንደሆነ አያውቅም።

ሽማግሌው በየቀኑ በፊቴ ያልፋሉ። መስኮታቸው ዝግ ነው። በአራተኛው ወይ በአምስተኛው ቀን መስኮቱ ወረደ።

"ስም የሚጠይቁት ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?" አሉኝ።

"አላውቅም።"

አብራሩልኝ። ተጫዋቹ ስምህን ጠይቆ ከጻፈልህ ኳሱ የአንተ ነው፤ የምትሸጠው ከሆነ ዋጋው ይወርዳል። ሰብሳቢ ስሙን ደስ ብሎት ይናገራል፣ ነጋዴ "ፊርማው ብቻ ይበቃኛል" ይላል። በዚህ ይለዩታል። የቡድን ኳስ ላይ ግን የማንም ስም አይጻፍም። ከዚህ የባሰው የተጻፈበት ቦታ ነው። ሁለቱ ስፌቶች የሚቀራረቡበት ጠባብ ቦታ አለ፣ ስዊት ስፖት ይሉታል፤ በቡድን ኳስ ላይ ለማናጀሩ፣ ለአሰልጣኙ ማለት ነው፣ የሚተው የክብር ቦታ ነው። ሽማግሌው ከሚያዝያ ጀምረው ሲጠብቁት ከርመዋል። የእኔ ስም የተንጣለለው እዚያ ላይ ነው።

"ታዲያ ምን ልካስዎት?" አልኳቸው።

"መኪናዬን ጥላ ሥር አቁምልኝ።"

እስከ ቅጣቴ ማብቂያ ድረስ ጥላ ሥር አቆምኩላቸው። ይሄም ሳይፈቀድ አይቀርም ብዬ ነው፤ አልጠየቅሁም።

ወደ በሬ ከተመለስኩ በኋላም ሰዎች ኳስ ይሰጡኛል። "አይቻልም" እላለሁ፣ አሁን በእንግሊዝኛ በጣም ጥሩ አድርጌ የምለው ቃል ሆኗል። ልጆቹን ግን ሹክ እላቸዋለሁ፦ ኳሱ ለወንድምህ ከሆነ የወንድምህን ስም ንገረው፣ አትርሳ።

መስከረም ላይ፣ የመጨረሻው ሳምንት፣ ሽማግሌው ኳሱን በመስታወት ሣጥን አድርገው ይዘው መጡ። ማናጀሩ የተረፈች ክፍተት ፈልጎ ከስሜ በላይ ፈርሞበታል፣ ተጨናንቆ። አጠገባቸው የነበረ ሌላ ሰብሳቢ ሣጥኑን ተቀብሎ እያዞረ አየ። ፊርማዎቹን አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ስሜ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለማንበብ ሞከረ፣ ተወው።

"ይሄኛው የት ቦታ ነበር የሚጫወተው?" አለ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ።

"ሦስተኛ ቤዝ" አሉት። "በሩ ላይ።"