24 ሲጋር፣ አንድ ደብተር

ባለፈው ቅዳሜ ማታ 24ኛዬን ሲጋር (ሲጋራ አይደለም፤ በትምባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን ወፍራሙን) በረንዳዬ ላይ ጨረስኩ። ሳይመርረኝ፣ ሳይጠፋብኝ፣ በአንድ ጎን ብቻ ሳይነድ እስከ መጨረሻው የሄደልኝ አራተኛው ነው። አራቱም የመጡት ባለፉት ሁለት ወራት ነው፤ ስለዚህ የሆነ ነገር እየገባኝ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ደብተር ላይ ስጽፍ ስለነበር፣ ለሚጀምር ሰው ይጠቅማል ያልኩትን ላካፍላችሁ።

አንድ ነገር ላስቀድም። ሲጋር ከሲጋራ ይሻላል የሚባለውን አትመኑ። ጭሱን ወደ ሳንባ ባትስቡትም የአፍ፣ የጉሮሮና የምግብ ቧንቧ ካንሰር ያመጣል። አንድ ትልቅ ሲጋር ውስጥ የሚገባው ትምባሆ የአንድ ፓኬት ሲጋራ ያህል ሊሆን ይችላል። እኔ በወር ከሦስት ላላልፍ ወስኛለሁ። የማታጨሱ ከሆነ ደግሞ ጀምሩ አልልም።

እኔን ያስጀመሩኝ እዚህ ቨርጂኒያ ፎቃችን ላይ የሚኖሩ አንድ ጋሼ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ ኩባ ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበሩ። ኢስላ ደ ላ ሁቬንቱድ፣ ማለትም የወጣቶች ደሴት ላይ ነው ያደጉት። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን የግሬፕፍሩት እርሻ። በኋላ ደን ሊያጠኑ ፒናር ዴል ሪዮ ሄዱ፤ የኩባ ምርጥ ትምባሆ የሚበቅልበት አውራጃ ነው። ሲጋርን የለመዱት እዚያ ነው።

የመጀመሪያዬን ግን ሳላማክራቸው ነው የገዛሁት። ሱቁ ውስጥ ካሉት ወፍራሙንና ጥቁሩን አነሳሁ። ምሳም አልበላሁም ነበር። ግማሹ ላይ ስደርስ ላብ አጠመቀኝ፣ ሆዴ ተገላበጠ፣ በረንዳው ዞረብኝ። ጋሼ ሲያዩኝ ምንም ሳይሉ ገብተው ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ አመጡልኝ። «ባዶ ሆድህን ነው አይደል?» አሉኝ። የሲጋር ቅጠል ከሲጋራው የሚለየው ብዙ ስለሚብላላና ጭሱ አልካላይን ስለሆነ፣ ኒኮቲኑ በአፍ ውስጥ ቆዳ በኩልም ወደ ደም ይገባል። ወደ ሳንባ መሳብ አያስፈልግም። ስለዚህ ቅድሚያ ብሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብለው ቅጠሉን ያስረዱኝ። ሲጋር ሦስት ነገር ነው። ውስጡ ትሪፓ ይባላል፣ በስፓኒሽ አንጀት እንደማለት ነው። እሱን የሚይዘው ቅጠል ካፖቴ፣ ከላይ የሚያለብሰው ደግሞ ካፓ። ጉልበቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከአንጀቱ ነው። ከተክሉ አናት የሚለቀመው ሊሄሮ ፀሐይ የጠገበ፣ ወፍራምና ኃይለኛ ቅጠል ነው። መሀል ያለው ሴኮ ሽታውን ይሰጣል፣ ታች ያለው ቦላዶ እሳቱን ያስኬዳል። እና የላዩን ጥቁረት አይታችሁ ከባድ ነው አትበሉ። ማዱሮ የሚባለው ጥቁር ካፓ ረዘም ላለ ጊዜ ስለተብላላ እንዲያውም ጣፈጥ ይላል። እኔን የጣለኝ ጥቁረቱ ሳይሆን ውስጡ የነበረው ሊሄሮና የራሴ ጥድፊያ ነበር።

ለጀማሪ የምመክረው ኮኔቲከት የሚባል ቀለሙ ፈካ ያለ ካፓ የለበሰ ሮቡስቶ ነው። ሮቡስቶ ማለት 5 ኢንች ርዝመት፣ ውፍረቱ 50። ውፍረት የሚለካው በኢንች 64ኛ ክፋይ ነው፤ ስለዚህ 50 ማለት ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ቀጭኖቹ ያምራሉ፣ ግን ገና ያልተገራ አፍ ቶሎ ቶሎ ስለሚስብ ቶሎ ይግላሉ። እኔ ማካኑዶ ካፌን ደጋግሜ አጨስኩ፤ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ የሚሠራ ለስላሳ ነገር ነው። ይሰለቻል የሚሉ አሉ። ለእኔ ግን ጥሩ አስተማሪ ነበር፣ ምክንያቱም ሲመርር ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ወዲያው አውቃለሁ።

አሁን ብዙ ወዳስለፋኝ ነገር ልምጣ፤ እርጥበት።

ሲጋር 65 እስከ 70 በመቶ የአየር እርጥበት ይፈልጋል። ክረምቱ ሲገባ ማሞቂያው ቤቱን አደረቀውና የሦስቱ ካፓ ተሰነጠቀ። ትንሽ የእንጨት ሳጥንና ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዛሁ። መለኪያው 70 እንዲያሳይ ስፖንጁ ላይ የተጣራ ውሃ እጨምራለሁ። ከዚያ ወዲህ ያጨስኳቸው ሁሉ ይጠፋሉ፣ በአንድ ጎን ይሮጣሉ፣ ስስባቸው በጠባብ ቀሰም እንደመሳብ ነው። ወር ሙሉ አቆራረጤን ስወቅስ ቆየሁ።

መፍትሔው የገበታ ጨው ሆኖ ተገኘ። የጠርሙስ ክዳን ላይ ጨው ትሞላላችሁ። ጥቂት ጠብታ ውሃ ታደርጉበታላችሁ፤ እርጥብ አሸዋ ይምሰል እንጂ እንዳይሟሟ። መለኪያውንና ክዳኑን አንድ አየር በማያስገባ ላስቲክ ውስጥ አስገብታችሁ ታሽጉና ታሳድሩታላችሁ። በጨዉ ምክንያት ውስጡ ያለው አየር 75 በመቶ ላይ ይቆማል። ጠዋት ሳየው የእኔው 68 ይላል። ሰባት ይጎድለዋል! 70 ነው ብዬ ያስቀመጥኳቸው ሲጋሮች 77 ውስጥ ነበር የሚዋኙት። ሳጥኑን ትቼ አየር የማያስገባ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ቦቬዳ የሚባል፣ እርጥበቱን 65 ላይ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ጨመርኩ፣ ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ፣ ችግሩ ጠፋ። ሙቀቱ ደግሞ 21 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይሁን፤ ከ25 ሲያልፍ የትምባሆ ነቀዝ እንቁላል ሊፈለፈል ይችላል። አዲስ አበባ ያላችሁ ሙቀቱ ብዙም አያሰጋችሁም፣ የበጋው ደረቅ አየር ግን ያሰጋችኋል። (እዚያ ዝግ የሕዝብ ቦታ ውስጥ ማጨስ በአዋጅ 1112/2011 መከልከሉንም አትርሱ።)

አቆራረጥ ቀላል ነው። አፍ ውስጥ በሚገባው ጫፍ ላይ ቆብ የመሰለች ቅጠል አለች፣ ከላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቁረጡ። ከዚያ ካለፋችሁ ካፓው ይፈታል። ስትለኩሱት እሳቱ ቅጠሉን አይንካው፤ ከእግሩ፣ ማለትም ከሚለኮሰው ጫፍ፣ ዝቅ አድርጋችሁ እያዞራችሁ አሙቁት። ክብሪት ከሆነ ድኙ ነድዶ እስኪያልቅ ጠብቁ። የቤንዚን ላይተር ሽታው ትምባሆው ላይ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፍጥነት ነው። በደቂቃ አንዴ መሳብ ይበቃል። ይህን ብዙ ሰው ነግሮኛል፣ እጄ ግን እምቢ አለ። የገባኝ ጋሼ ቤት ቡና እየተፈላ ነው። ባለቤታቸው አቦሉን ቀዱልን፣ እኛም ለኮስን። ጋሼ ሲኒውን ፉት ይሉና ያስቀምጡታል፣ ሲጋሩን አንዴ ይስቡና መተርኮሻው ላይ ያሳርፉታል፣ ጨዋታ ይጀምራሉ። አመዱ ሁለት ጣት ሆኖ ነጭ እንደሆነ ቆሟል፣ አያራግፉትም። ቶና ሲመጣ ሲጋሩ ሁለተኛው ሲሶ ላይ ነበር። በረካው ሲቀዳ መጨረሻው ላይ።

ያኔ ነው ልዩነቱን ምላሴ ያወቀው። ቡናው ከአቦል ወደ በረካ እየቀጠነ ይሄዳል፣ ሲጋሩ ግን በተቃራኒው እየከበደ ይመጣል፤ ጭሱ ያለፈበት ቅጠል ዝቃጩን እየያዘ ስለሚቆይ የመጨረሻው ሲሶ የሁሉንም ይሸከማል። አቦሉ ላይ ያሉት ቃናዎች፣ ለእኔ የተጠበሰ ገብስና ትኩስ እንጨት የመሰሉኝ፣ በረካ ላይ በርበሬ ሆኑ። መሀል ላይ ብቸኩል ኖሮ ይህ ሁሉ ምሬት ብቻ ይሆን ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብተሬን በሦስት ከፍዬ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያልኩ ነው የምጽፈው። መጨረሻው መምረር ሲጀምር አልታገልም። አልተረኩሰውምም፤ መተርኮሻው ላይ ብተወው በራሱ ይጠፋል፣ ያ መጥፎ ሽታም አይመጣም።

ጋሼን የኩባውን ሲጋር ይናፍቃሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1962 በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት እዚህ ሱቅ አይሸጥም። መንገደኛ ይዞ መግባቱም በ2020 እንደገና ተከለከለ። «ዘሩ እኮ ተሰዷል» አሉኝ። እውነት ነው፤ ከአብዮቱ በኋላ የወጡ ኩባውያን ዘሩንም ሙያውንም ይዘው ኒካራጓ፣ ሆንዱራስና ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገቡ። ኒካራጓ ውስጥ ኤስቴሊ የሚባለው ከተማ ዛሬ በሲጋር የሚኖር ነው። ጋሼ የሚያጨሱት ከዚያ የመጣ ፓድሮን ነው፤ የመሥራቹ ቤተሰብ ራሱ ከፒናር ዴል ሪዮ ነው።

ለመጪው ወር ሁለት ፓድሮን 2000 ገዝቻለሁ፣ አንዱ ናቹራል (ከማዱሮው ፈካ ያለ ካፓ ያለው) አንዱ ማዱሮ። መጠናቸው አንድ፣ ልዩነቱ ካፓው። በሁለት ሳምንት ልዩነት፣ ተመሳሳይ ቡና ይዤ፣ ምሳ በልቼ አጨሳቸዋለሁ። ከረጢቱ ውስጥ ከገቡ ዛሬ 11ኛ ቀናቸው ነው፣ መለኪያውም 65 ይላል።