ጥቁር ማተም እንዲህ ያስቸግራል? የሊኖ ቅርጽ ውሎዬ

ሰሞኑን ለመጀመሪያ ጊዜ ድፍን ያለ ጥቁር ሰማይ ማተም ቻልኩ። ደስ ብሎኝ ነው የምጽፍላችሁ።

የአየር ድብደባ ጥንቃቄ ፖስተሮችን ሊኖሊየም (ሊኖ፣ ለወለል የሚነጠፍ ለስላሳ ንጣፍ) ላይ እየቀረጽኩ፣ ቀለም ቀብቼ ወረቀት ላይ እያተምኩ እንደምለማመድ የምታውቁ ታውቃላችሁ። የጀመርኩት እንግሊዝ በ1915 (በፈረንጆቹ) ለሕዝብ ባወጣችው ማስጠንቀቂያ ነበር። የእንግሊዝና የጀርመን አየር መርከቦችና አውሮፕላኖች ጥላ ብቻ ተደርድሮበታል። ሰዉ የጠላትን ለይቶ እንዲያውቅና ሲያይ ቶሎ ቅርብ ቤት ገብቶ እንዲጠለል ነው። ጥላ መቅረጽ ለጀማሪ ይመቻል፤ እሱን ልለፈው።

ያንገበገበኝ የ1940ው የጀርመን ፖስተር ነው። አንድ አጽም የእንግሊዝ አውሮፕላን ላይ ተፈናጦ ቦምብ ሊወረውር እጁን አንስቷል። ከታች መብራቱ ወደ ውጭ የሚፈስ ቤት አለ። ጽሑፉ «ጠላት ብርሃንህን ያያል! አጨልም!» ይላል። የናዚ ፕሮፓጋንዳ መሆኑ አይረሳ። በሥራነቱ ግን አንድ ጊዜ ያየ ሰው መጋረጃውን ሳይዘጋ የሚያድር አይመስለኝም።

በሊኖ የተቀረጸው ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ያልተነካው ጥቁር ይወጣል። ስለዚህ ቅርጹ ቶሎ አለቀ። ማተሙ ነው ጉዱ! ፕሬስ (የማተሚያ መጫኛ) የለኝም፤ ወረቀቱን የማሸው በማንኪያ ጀርባ ነው። ሰፊው ጥቁር ላይ ነጫጭ ነጥቦች እየቀሩ ሰማዩ ጤፍ የተበተነበት መሰለ። ሌላ ሥዕል ላይ ቢሆን ያምራል ይባል ነበር። «አጨልም» በሚል ፖስተር ላይ ግን እያንዳንዷ ነጥብ የበራ መስኮት ናት።

ኢንተርኔት ላይ «ቀለም አብዙበት» የሚሉ አስተማሪዎችን አትስሟቸው። ቀለም ሲበዛ የአጽሙ የጎድን አጥንቶች ይደፈናሉ፣ ነጥቡም አይጠፋም። የሠራልኝ ተቃራኒው ነው። በሮለር ስስ አድርጎ መቀባት፣ አቅጣጫ እየቀያየሩ መደጋገም። ወረቀቱም ስስ ይሁን። ቀለሙ ደግሞ የዘይት። የውሃው አሽቼ ሳልጨርስ ይደርቅብኛል። ማንኪያውን በትንሽ በትንሹ ክብ እያዞራችሁ እሹ፤ መቸኮል የለም። ወረቀቱን አንዱን ጥግ ይዛችሁ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፣ ካልያዘ መልሳችሁ አስተኙት።

ያም ሆኖ የቀሩትን ነጥቦች በብሩሽ እሞላቸዋለሁ። ማጭበርበር ነው ካላችሁ፣ ይሁን።

ጽሑፉን በአማርኛ ነው የቀረጽኩት። በ«ጨ» እግሮች መካከል የሚቀረው ቀጭን ሊኖ እየተቦደሰ አስለቀሰኝ። ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፣ ቢላዋችሁም የተሳለ ይሁን።

በዚሁ ምክንያት ቢሊ ብራውንን አልነካውም። ዴቪድ ላንግደን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለለንደን ትራንስፖርት (ለከተማዋ የአውቶቡስና የባቡር ድርጅት) የሣለው፣ ባርኔጣ ያደረገና ጃንጥላ የያዘ ጨዋ ሰውዬ ነው። በቦምብ የተሰበረ መስታወት ሰው እንዳይጎዳ የተሽከርካሪው መስኮት ላይ የተለጠፈውን መረብ አትላጡ እያለ ተሳፋሪውን በግጥም ይመክራል። ጣቢያዬን ማየት አቃተኝ የሚል የግጥም መልስ ተጽፎበታል፤ እኔም ከተሳፋሪው ጋር ነኝ። ምክር የበዛበት ፖስተር አልወድም፤ ለመቅረጽም ፈተና ነው።

ቀጥሎ ያሰብኩት እንግሊዛዊውን የፖስተር ሠዓሊ አብራም ጌምስን ነው። እሱ በኤርብራሽ (ቀለም በአየር በሚረጭ መሣሪያ) ቀለሙን ቀስ በቀስ ከጨለማ ወደ ብርሃን ያሻግረዋል። ሊኖ ደግሞ ወይ ጥቁር ወይ ነጭ ነው። በአንድ ሮለር ላይ ሁለት ቀለም አዋህዶ መቀባት የሞከራችሁ ካላችሁ፣ መሃሉ ሳይጨቀይ እንዴት እንዳወጣችሁት ንገሩኝ።