ዘይቱ ጠቁሮ

ዛሬ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አሮጌውን የ15 ኪሎ ቮልት ብሬከር (ከረንት የሚቆርጥ፣ ዘይት የተሞላ ትልቅ ማጥፊያ) ፈትተን ስናይ ዋልን። ዘይቱ ጠቁሮ ቡና መስሏል፣ የኮንታክቱ (ተነካክቶ ከረንት የሚያሳልፈው ብረት) ጫፍ ተበልቷል።

ብዙ ሰው ማጥፊያው ሲጫን ከረንቱ ወዲያው የሚቆም ይመስለዋል። የት ተገኝቶ! ኮንታክቶቹ ቢላቀቁም አርክ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ነበልባል፣ ሆኖ መሃላቸው ይነድዳል፤ መዳብ የሚያቀልጥ ሙቀት ነው። ደግነቱ የኛ ከረንት አቅጣጫውን እየቀያየረ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ይነካል። የዲዛይነሩ ጥበብ እዚያች ቅጽበት ላይ አርኩ ዳግም እንዳይነሳ መከልከል ነው። በዘይቱ ውስጥ አርኩ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ሊፈነዳ ይችላል። አዲሱ ብሬከር ቫኪዩም ነው፣ ኮንታክቶቹ አየር በሌለው ክፍል ውስጥ ናቸው፤ የሚቃጠል ነገር የለውም፣ ሲከፈት የኮንታክቶቹ ክፍተትም አሥር ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ።

አብረውኝ የነበሩት አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን ግን የወደዱት የአዲሱን ሌላ ጥቅም ነው፦ «ወላሂ፣ ራቅ ብዬ ቆሜ በቁልፍ መክፈቴ ይበልጥብኛል!»